አይጥ የሚገባበትን ክፍተት በምን ብደፍነው ይበጃል?

ማለዳ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያክል የአይጥ ዓይነ ምድር ካየሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። በዚያው ሳምንት የውኃ ቱቦው ግድግዳውን በስቶ በሚገባበት ቦታ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁና ከቆርቆሮ ጣሳ ተነፍቶ በሚያብጠው ፎም ሞላሁት። ፎሙ ሲደርቅ የማይበገር መስሎኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን መሬቱ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ ተበትኖ፣ በፎሙ መካከልም በትራፓኖ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ተከፍቶ አገኘሁ። ቀጥሎ በጨርቅና በካርቶን ጠቅጥቄ ከላዩ ሲሊኮን ቀባሁበት፤ እሱም ሳምንት አልቆየም። ከጓዳው በር ሥር ያለውን ክፍተት የዘጋሁበት ላስቲክም ከማዕዘኑ ተበልቷል።

አሁን ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ነገሩን በሥርዓቱ መረዳት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ፣ የአይጥ ጥርስ የማይደፍረው ነገር የትኛው ነው፣ እንዴትስ ይሠራበታል? ከዚያ ደግሞ ቤቱ አርጅቷል፤ ግድግዳው በየቦታው ተሰንጥቋል፣ ቱቦና የመብራት ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም ጥቂት አይደሉም፤ ሁሉንም ልደፍን ነው ወይስ እውነተኛውን መግቢያ ለይቶ የማወቂያ ዘዴ አለ? በመጨረሻም፣ ውስጥ ያሉት ሳይወጡ ብደፍን ግድግዳ ውስጥ ሞተው ይሸቱ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ትንሽ ልጅ ያለኝ እናት ነኝና መርዝ ማስቀመጥ አልፈልግም።

ግንበኛው፦

እህቴ፣ ያደረጉትን ሳነብ ሥራ የጀመርኩባቸውን ዓመታት አስታወሰኝ። በአጭሩ ለመናገር ክፍተቱን ወተፉት እንጂ አልደፈኑትም። የተወተፈ ቀዳዳ ነፋስና ብርሃን አያሳልፍም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ግን ጥርስንም መቋቋም አለበት። ፎም፣ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ላስቲክ፣ ፕላስቲክ፣ ስቱኮ፣ እንጨት፣ ሌላው ቀርቶ ሲሚንቶው ያነሰበት ልስን እንኳ ለአይጥ የጥቂት ሌሊት ሥራ ነው። ፎም በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ብቻውን ሲቆም ግን ከመወተፊያነት አያልፍም። አይጥ አይበላውም ተብሎ የሚሸጠውንም ቢሆን ውስጡ ብረት ካልገባበት በቀር እኔ አላምነውም።

መጠኑን በተመለከተ፣ የቤት አይጥ ለማለፍ የሚበቃት ክፍተት 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሲመረምሩ አንድ እርሳስ ይያዙ፤ እርሳሱ በሚገባበት ሁሉ አይጥም ትገባበታለች ብለው ይቁጠሩ። ብዙ ሰው አይጠ መጎጥ የሚላት ትልቋ አይጥ ሰፋ ያለ ቦታ ትፈልጋለች፤ የእርሷም ግልገል ቢሆን 12 ሚሊሜትር ያህል ካገኘች ታልፋለች። እርስዎ የሩዝ ፍሬ ያክላል ካሉት ዓይነ ምድር እንደምገምተው ግን ያለችው ትንሿ ናት፤ የትልቋ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይረዝማል።

ለትንንሽ ቀዳዳ የብረት ሱፍ ይሻላል፤ ዕቃ መፈግፈጊያ ሆኖ የሚሸጠውን እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ማለቴ ነው። አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላላ ተደርጎ ከተከተተ አይጧ ነክሳ ትጎትተዋለች፤ ስለዚህ በካቻቢቴ ጫፍ እየጠቀጠቁ ከግድግዳው ገጽ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዝቅ ብሎ እስኪጠብቅ ድረስ ይሙሉትና፣ በቀረው ጥልቀት ላይ ሲሊኮን ወይም የሲሚንቶ ልጥፍ ይጨምሩበት። ሱፉ ጥርሱን ይከለክላል፣ ሲሊኮኑ ደግሞ ሱፉን ይይዛል። ውኃ በሚነካው ቦታ፣ ለምሳሌ እንደ እርስዎ ከገንዳ ሥር፣ ተራው የብረት ሱፍ ዝጎ ዱቄት ይሆናል፣ ግድግዳውንም ያቆሽሻል፤ እዚያ ከማይዝግ ብረት ወይም ከመዳብ የተሠራውን ይጠቀሙ። ደግሞም የብረት ሱፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ እንዳይከቱት።

አውራ ጣት ለሚያስገባና ከዚያ ለሚበልጥ ቀዳዳ የሽቦ ወንፊትና ሲሚንቶ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። በአንድ ወቅት የአንድ መጋዘን አየር ማስገቢያ ላይ ዓይኑ 12 ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት መትቼ፣ ሽቦው ወፍራምና ጠንካራ ስለነበር ኮርቼበት ሄድኩ። በሳምንቱ ተጠርቼ ስመለስ አይጦቹ ሽቦውን ሳይነኩት በዓይኑ መሐል ይመላለሱ ነበር። የሽቦው ጥንካሬ የዓይኑን ስፋት አያካክስም። የወንፊቱ ዓይን ከ6 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ሽቦውም ጋለቫናይዝድ ሆኖ 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። የትንኝ መከላከያ መረብ ዓይኑ ቢጠብም ክሩ ስለሚቀጥን፣ በተለይ የፕላስቲኩ፣ በጥርስ ይበጠሳል።

ወንፊቱን ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 3 ሴንቲሜትር እንዲተርፍ አድርገው ይቁረጡ፣ በፊሸርና በብሎን ግድግዳው ላይ ይሰሩት፣ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሰው ይለስኑበት። ወንፊቱ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ትኩስ ልጥፍ ለአይጥ አፈር መሆኑ ነው፤ ሲሚንቶ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል፣ አይጧ ግን የምትመጣው በዚያው ሌሊት ነው። የድሮ ግንበኞች ልጥፉ ውስጥ የተሰባበረ ጠርሙስ ይቀላቅሉ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን አልመክረውም።

ወደ ቱቦዎ ልመለስ። በቱቦ ዙሪያ ያለ ክፍተት ከሌላው የሚለየው ቱቦው ስለሚንቀሳቀስ ነው። ውኃ ሲከፈትና ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል፤ በዙሪያው የተለጠፈው ሲሚንቶ ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና አይጧ ከስንጥቁ ትጀምራለች። ስለዚህ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በሁለት ግማሽ ተቆርጦ፣ መሐሉ በቱቦው ልክ በግማሽ ክብ ተከርክሞ፣ ሁለቱ ግማሾች ትንሽ ተደራርበው ቱቦውን እንደ አንገትጌ እንዲያቅፉት አድርገው ግድግዳው ላይ በብሎን ይሰሩት። ከላሜራው በስተኋላ ፎም ቢሞሉ አልቃወምም፤ እዚያ ሥራው ነፋስ መከልከል ነው። በላሜራውና በቱቦው መካከል የምትቀረውን ቀጭን ክፍተት በሲሊኮን ይጨርሷት። ትኩስ ጭስ በሚያልፍበት ቱቦ ዙሪያ ግን ፎምም ሆነ ተራ ሲሊኮን አይደረግም፤ ሙቀት የሚችል ልጥፍ ብቻ ነው የሚገባው።

ስለ መድፈኛው ቅደም ተከተል የሚለያዩ ሰዎች አሉ። እኔ በውጭ በኩል ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ደፍኖ፣ ውስጥ የቀረውን በወጥመድ መጨረስ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱን ዘግተው ሌላውን ለሳምንት ካቆዩ ምንም እንዳልዘጉ ይቁጠሩት።

የሕይወት ሳይንስ መምህርት፦

ግንበኛው ስለ ዕቃዎቹ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ እንስሳዋ ነው፣ ምክንያቱም ጠባይዋ ከታወቀ የወይዘሮ ማለዳ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ያገኛል።

አይጥ አጥንቷ ይተጣጠፋል፣ ትከሻ አጥንት የላትም የሚባለው እውነት አይደለም፤ የአንገት ሥር አጥንትም አላት። ነገሩ ቀለል ያለ ነው፤ የቤት አይጥ ክብደቷ ከ12 እስከ 30 ግራም ሲሆን ፀጉሯ ስለሚያወፍራት እንጂ ገላዋ ቀጭን ነው። የራስ ቅሏ ያለፈበት ቦታ የቀረውን ገላዋን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ክፍተትን የምትለካው በጭንቅላቷና በጢሟ ነው። ዓይኗ ደካማ ነው፤ በጨለማ የምትሄደው ጢሟንና ጎኗን ግድግዳ እያስነካች ነው፤ መንገዷም ሁልጊዜ የግድግዳውን ጥግ የተከተለ ነው። በክፍሉ መሐል ስትሮጥ ካዩአት ደንግጣ ነው።

የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል። ጠንካራው ሽፋን ከፊት ብቻ ስለሆነ የኋላው ቶሎ እያለቀ ጥርሱ ራሱን ይስላል። ለመድፈን ሥራ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጥርሱ ሥራውን የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። ልሙጥና ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ጥርሷ መቆንጠጫ አያገኝም፤ የተሸረፈ ማዕዘን፣ ያልተስተካከለ የልጥፍ ከንፈር፣ የላስቲክ ጫፍ ካገኘች ግን ከዚያ ትነሣለች። የወይዘሮ ማለዳ የበር ላስቲክ ከማዕዘኑ የተበላው በአጋጣሚ አይደለም። ልጥፉን ከግድግዳው ጋር እኩል አድርጎ ማለስለስ ለውበት ብቻ የሚደረግ እንዳይመስልዎት።

መግቢያውን ስለመለየት፦ የቤት አይጥ ምግብና ጎጆ ካገኘች ከጎጆዋ ብዙም አትርቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትንቀሳቀሰው ከ3 እስከ 10 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓይነ ምድር በብዛት ካገኙበት ቦታ ተነሥተው ግድግዳ ግድግዳውን ይከተሉ። የምትመላለስበት ቀዳዳ ከንፈሩ ላይ ከፀጉሯ ቅባትና ከአቧራ የተሠራ ጥቁር እድፍ ይኖረዋል፣ የሸረሪት ድርም አይኖርበትም። ድር ያደራበት ቀዳዳ ለጊዜው ሥራ የፈታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው የወረቀት ፈተናን ነው። በየቀዳዳው ቀጭን ወረቀት ጨምድደው በላላው ይክተቱ፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይስጡት። ከሁለትና ከሦስት ሌሊት በኋላ ወረቀቱ የተገፋበት፣ የተጎተተበት ወይም የተቀደደበት ቀዳዳ ዋናው በር ነው። በዚያ ላይ ቀዳዳው ፊት ስስ የዱቄት ሽፋን ቢነሰንሱ የእግሯ አሻራ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ ያሳይዎታል። ይህ ግን ቅድሚያ የሚሰጠውን ለመለየት ነው እንጂ የቀሩትን ላለመድፈን ምክንያት አይሆንም፤ መንገዷ ሲዘጋ ያልተነካውን ቀዳዳ ትፈትሻለችና።

ቅደም ተከተሉ ላይ ከግንበኛው ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ወጥመዱ ከመድፈኑ ሁለትና ሦስት ቀን ይቅደም። አይጦቹ በለመዱት መንገድ ላይ ሳሉ በቀላሉ ይያዛሉ፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ሲለወጥባቸው ግን መውጫ ፍለጋ ገመድና የበር ሥር መቆርጠም ይጀምራሉ። ከሦስት ቀን በላይ ግን አይቆይ። አንዲት ሴት አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን አርግዛ በአብዛኛው አምስትና ስድስት ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ። ስለዚህ ማዘግየት ያስከፍላል።

ወጥመዱ የምግቡ ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ፣ ግንዱ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ተደርጎ ይቀመጥ። አንድ ወጥመድ አስቀምጦ መጠበቅ አይበጅም፤ በየ2 ወይም በየ3 ሜትሩ በርከት አድርጎ በአንድ ሌሊት ማስቀመጥ ነው። ትልቋ አይጥ አዲስ ነገር ትጠራጠራለች፤ የቤት አይጥ ግን ጉጉ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ብዙ ይያዝባቸዋል። ልጅ ስላለዎት ወጥመዱን መግቢያው ጠባብ በሆነ ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። የሚፈሩት ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከመርዝ ነው፤ መርዝ የበላች አይጥ የትም ሄዳ ትሞታለች፣ በወጥመድ የተያዘችው ግን ባስቀመጡበት ትገኛለች።

ማለዳ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በ11 ቀዳዳዎች ላይ ወረቀት ከትቼ ሦስት ሌሊት ጠበቅሁ። የተነካው ሦስቱ ብቻ ነው፦ የቱቦው ዙሪያ፣ የበሩ ሥር፣ እና ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ሦስተኛው፣ ከጋዝ ምድጃው በላይ በግድግዳው አናት ላይ ያለው የአየር መውጫ። ወለሉ ላይ ያለውን ስጠብቅ ከላይ እየመጡ ነበር ማለት ነው። ያንን መውጫ በላሜራ ልድፈነው ይሆን? እንዲሁም በግድግዳውና በቆርቆሮው ጣሪያ መካከል፣ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር፣ ተርታውን ክፍተት እንዳለ አስተዋልኩ።

ታዛ፦

እባክዎን የአየር መውጫውን እንዳይደፍኑት። ጋዝ የሚነድበት ክፍል አየር ማስገቢያና ማስወጫው ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድላል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚጠበቀው በወንፊት ነው። ነገር ግን ወንፊቱን ልክ በቀዳዳው አፍ ላይ ቢመቱት ሽቦው ራሱ የቀዳዳውን ስፋት ይቀንሳል፤ ከምድጃው የሚነሣው ቅባትና አቧራም ተጨምሮበት በጥቂት ወራት ይደፈናል። ስለዚህ ወንፊቱን ከቀዳዳው ሰፋ ባለ ሳጥን መልክ አጥፈው በውጭ በኩል እንዲቆም ያድርጉት፤ አየሩ በፊቱም በጎኑም ያልፋል። ለመጥረግ እንዲመች ደግሞ በሲሚንቶ አይለስኑት፣ በብሎን ይሰሩት። በግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመ ርጥበት እንዲወጣ ተብለው በጡብ መካከል የሚተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ካሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚጠበቁት።

ከላይ መምጣታቸው እኔን አላስገረመኝም። የቤት አይጥ ሻካራ ግድግዳ ላይ እንደ ልቧ ትወጣለች፤ ጡብ፣ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ አሸንዳ ሁሉ መሰላሏ ነው። ከቆመችበት ወደ ላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ትዘላለች። የዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ ቢያንስ በ1 ሜትር ይራቅ። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ እንጨትም ሆነ ያደገ ሣር ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሥሩ ጎጆ ይሠራበታል፣ ቀዳዳውንም ከዓይን ይሰውራል።

የቆርቆሮው ሞገድ ጉዳይ ሰፊ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ትልቁ ክፍተት እሱ ሆኖ ሳለ ከመሬት ስለማይታይ ይረሳል። ለሞገዱ ቅርጽ ተቆርጦ የተዘጋጀ የስፖንጅ መሙያ አለ፤ ለዝናብና ለነፋስ ጥሩ ነው፣ ለአይጥ ግን ያው መወተፊያ ነው። እኔ የማደርገው ባለ 6 ሚሊሜትሩን የሽቦ ወንፊት 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆርጬ፣ በርዝመቱ እንደ ማዕዘን አጥፌ፣ አንዱን ጎኑን በግድግዳው አናት ላይ ባለው እንጨት ላይ እመታለሁ፤ ሌላውን ጎን በፒንሳ እየተጫንኩ ከሞገዱ ጋር አስማማለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ ጣትም ይቧጭራልና ወፍራም ጓንት ያድርጉ። በሲሚንቶ የሚሞሉትም አሉ፤ ቆርቆሮ ግን ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ከዚያ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይላቀቃል፣ ቆርቆሮውንም ቶሎ ያዝገዋል።

መሰላል ላይ ሳይወጡ ክፍተቱን ማየት ከፈለጉ ቀን በደማቅ ፀሐይ ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው መብራቱን ያጥፉ፤ ብርሃን የሚሾልክበትን ይቁጠሩ። በምድር ላለው ደግሞ ማታ አንድ ሰው በውስጥ ሆኖ የባትሪ መብራት በግድግዳው ሥር እያስኬደ ሌላው በውጭ ሆኖ የሚወጣውን ብርሃን በጠመኔ ቢያመለክት ጥሩ ነው። ጠመዝማዛ የሆነ ቀዳዳ ብርሃን አያሳልፍም፤ ለእሱ የሻማ ነበልባል አጠገቡ ይዞ ነፋሱን ማየት ይሻላል።

የሕይወት ሳይንስ መምህርት፦

ከመድፈኑ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፤ ከምድጃው በላይም ሆነ ኮርኒስ ውስጥ የተጠራቀመ ዓይነ ምድር ካገኙ ደረቁን አይጥረጉት። አቧራው ሲነሣ አንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች የሚሸከሙት ሃንታ ቫይረስ፣ የቤት አይጥ የምትሸከመው የማጅራት ገትር አምጪ ቫይረስና ሌሎችም በትንፋሽ ሊገቡ ይችላሉ። መስኮትና በር ከፍተው 30 ደቂቃ ያናፍሱ፣ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ቦታውን በደንብ ያርሱትና 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በወረቀት አንሥተው በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት።

በድምፅ አይጥ ያባርራሉ የሚባሉትን በሶኬት የሚሰኩ መሣሪያዎች ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ ደግሞ ገንዘቡን ለሽቦ ወንፊት ቢያውለው እመርጣለሁ። አይጦች ድምፁን በጥቂት ቀን ውስጥ ይለምዱታል፣ ድምፁም ከዕቃ ጀርባ አያልፍም። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች የሚሉትን በሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲደግፉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር። ሽታቸው የበረታ ዘይቶችም ቢሆኑ ሽታው እስኪተን ድረስ ነው። የውኃ ጠብታ ማድረቅም ብዙ አይረዳም፤ የቤት አይጥ ከምትበላው እህል ውስጥ ባለው እርጥበት ለረጅም ጊዜ መቆየት ትችላለች።

ማለዳ፦

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ወጥመዶቹን ስድስት አድርጌ በሳጥን ውስጥ በግድግዳው ጥግ አስቀመጥሁ፤ በሁለት ሌሊት አራት ተያዙ፣ በሦስተኛው ምንም። በማግስቱ ባለሙያ ጠርቼ ቱቦው ላይ ባለ ሁለት ግማሹን ላሜራ አስገጠምሁ፤ ባለሙያው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ በኋላ ግን ፎሙ ላይ የተበሳውን ቀዳዳ ሳሳየው ዝም ብሎ መቁረጥ ጀመረ። የአየር መውጫው የወንፊት ሳጥን ተሠርቶለታል። የቆርቆሮው ሞገድ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ አንዲት አይጥ ብቻ ተይዛለች፤ ውስጥ የቀረች ትመስለኛለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ የነሰነስሁት ዱቄት ላይ አሻራ የለም።

ያልተሳካልኝ በሩ ነው። አሮጌውን ላስቲክ አንሥቼ ከሥሩ የብረት ክር ያለውን የብሩሽ መዝጊያ ገዛሁ፤ በአንዱ ጫፍ ወለሉን ሲነካ በሌላው ጫፍ ጣቴን ያስገባል። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ በሩ አልከፈት ይላል።

ግንበኛው፦

ችግሩ ያለው በሩ ላይ ሳይሆን ወለሉ ወይም መቃኑ ላይ ነው፤ ብሩሹን አሁን ይፍቱት። በሩን ዘግተው ከሥሩ ያለውን ክፍተት በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር የሚበልጥ ከሆነ ማንኛውም ብሩሽ አያስተካክለውም፤ በቅድሚያ ከበሩ ሥር ባለው መድረክ ላይ ከበሩ ታችኛ ጠርዝ ጋር ትይዩ የሆነ የብረት ማዕዘን ወይም በሲሚንቶ የተስተካከለ ከፍታ ይሠራበት። ከዚያ ከበሩ እስከ መድረኩ የሚቀረው ክፍተት ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ብሩሹ ቀሪውን ይሸፍናል። በሩ እንጨት ስለሆነ ደግሞ የታችኛውን 20 ሴንቲሜትር በውጭ በኩል በላሜራ ያልብሱት፤ ላሜራውም ከበሩ ሥር ታጥፎ ወደ ውስጥ ትንሽ ይግባ፣ ጠርዙ እንዳይጋለጥ። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ልስኑ የተላቀቀበት ቦታ ካለም ከሥር እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ይፈትሹልኝ፤ ብዙ ጊዜ በሩ ተበልቷል ሲባል መንገዱ እዚያ ነው። ልኬቱን ሲያገኙ ይጻፉልኝና የብረቱን ቁመት አብረን እናሰላለን።